ላንድ ክሩዘር ወይስ ላንድ ሮቨር? የጨነቅ ዳገት የሚፈርደው ፉክክር

እስቲ ከአንድ የታወቀ ክርክር እንነሳ። የመኪና ቪዲዮ የሚወዱ ልጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ፎርድ ሙስታንግ ይሻላል ወይስ ሼቭሮሌ ካማሮ?» የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም። ሁለቱ አሜሪካውያን ተፎካካሪዎች ረጅም ዕድሜ አላቸው። ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ወጣ፤ ካማሮ የ1967 ሞዴል ሆኖ ተከተለው። በቅርብ ዓመታት ሞዴሎቻቸው ሙስታንግ ጂቲ 480፣ ካማሮ ኤስኤስ ደግሞ 455 የፈረስ ጉልበት አላቸው ተብሎ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ልዩነቱ 25 ነው። በዚህች 25 ስንት ጓደኛ ተኳርፏል መሰላችሁ!

አሁን ሁለቱንም በሐሳባችን ደባርቅ እናምጣቸውና ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ጨነቅ እናውጣቸው። ጨነቅ ዋልያና ጭላዳ የሚታይበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የካምፕ ቦታ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሙስታንጉ ወደ 335፣ ካማሮው ወደ 320 የፈረስ ጉልበት ይወርዳሉ። ያጨቃጨቀን 25 ነበር፤ ተራራው ከእያንዳንዳቸው የወሰደው ግን ከ130 በላይ ነው። ማንም ሳይነካቸው፣ ምንም ሳይበላሽባቸው!

የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ጉልበት የት እንደሚሄድ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ወደ ራሳችን አገር አምጥተን፣ በዚህ መንገድ ላይ በእውነት ለሚሠሩ ሁለት ተፎካካሪ መኪኖች እናቀርበዋለን።

ገዢው ማን ነው?

ደባርቅ ወይም ዳባት ውስጥ ሦስት ወጣቶች ተቧድነው ያገለገለ መኪና ሊገዙ ነው እንበል። ገንዘቡ የራሳቸው ቁጠባ፣ የቤተሰብ እገዛና ብድር ነው። መኪናው ጎብኚና ጓዝ ጭኖ ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ይወጣል። አንዳንዴም የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል፤ እዚያ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ አገር ላይ መኪና ያለው ሰው የሚጭነው ቱሪስት ብቻ አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ካለች የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። ስለዚህ «መኪናው ዳገቱን ይወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ገንዘብም ሕይወትም አለበት።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች

የመጀመሪያው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ተከታታይ ሲሆን፣ በድርጅቶችና በአስጎብኚዎች ዘንድ የምናውቀው ረጅሙ መኪና ኤች ዜድ ጄ 78 ይባላል። ሞተሩ «ዋን ኤች ዜድ» ነው፦ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ።

ሁለተኛው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ነው። ለንጽጽራችን «300 ቲዲአይ» የሚባል ሞተር ያለውን እንውሰድ፦ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ ያለው፣ 111 የፈረስ ጉልበት። ይህ የድሮው ዲፌንደር እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ መመረቱ ቆሟል፤ ያገለገሉት ግን አሁንም ይሠራሉ።

ፉክክራቸው ከስማቸው ይጀምራል። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ታየ። ቶዮታ ደግሞ በ1951 ቢጄ የሚባል መኪና ሠርቶ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አስወጣው። በ1954 ለዚያ መኪና አዲስ ስም ሲፈለግ፣ ከላንድ ሮቨር ያላነሰ ክብር ያለው ስም ይሁን ተብሎ «ላንድ ክሩዘር» ተባለ።

በወረቀት ብቻ ካየነው ፍርዱ ቀላል ይመስላል። 130 ከ111 ይበልጣል፤ አለቀ። ቆይ ግን! እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት የት ነው?

ሞተርም ይተነፍሳል

የሞተር ጉልበት የሚገለጸው የባሕር ወለል አካባቢን አየር መሠረት አድርጎ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው። 1 ኪሎ ናፍጣ በሙሉ ለማቃጠል ወደ 14.5 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። አዎ፣ አየርም በኪሎ ይመዘናል! ባሕር ወለል ላይ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በጨነቅ ከፍታ ያው 1 ሜትር ኩብ 0.85 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከላያችን ያለው የአየር ክምር ስለሚያንስ ጫናውም ይቀንሳል፤ አየሩም ይሳሳል።

በዓይናችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? ጨነቅ ስትደርሱ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ደባርቅ ይዛችሁት ውረዱ። ጠርሙሱ ማንም ሳይጫነው ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። በሊማሊሞ በኩል ወደ ዛሪማ ብትወርዱ ደግሞ የበለጠ ይጨማደዳል። ውስጡ ያለው የጨነቅ ስስ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው የታችኛው አገር ወፍራም አየር ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። 4.2 ሊትር ሞተር ማለት በሁለት ዙር አንዴ 4.2 ሊትር አየር የሚስብ ሳንባ ማለት ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ቢዞር 6,300 ሊትር ይስባል። ይህ ባሕር ወለል ላይ 7.7 ኪሎ አየር ነው፤ ጨነቅ ላይ 5.4 ኪሎ። ሳንባው ያው ነው፤ የገባው ምግብ ግን በ30 በመቶ ቀንሷል። የነዳጅ ፖምፓው ይህን ሳያውቅ እንደ ወትሮው ናፍጣ ቢረጭ፣ አየር ያላገኘው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ዳገት ላይ የምታዩት ጥቁር ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የከፈላችሁበት ናፍጣ ነው።

ቱርቦ ምን ያደርጋል?

ቱርቦ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ማራገቢያዎች ናቸው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። እናም ሞተሩ ራሱ ከሚስበው በላይ አየር ያገኛል።

«እንግዲያውስ ቱርቦ ያለው መኪና ከፍታ አይጎዳውም» ይላሉ ብዙዎች። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ ቱርቦው የሚጨምረው ጫና በአንድ ልክ የተገደበ ነው። ለስሌት ያህል 0.9 ባር እንውሰድ። ባሕር ወለል ላይ የአካባቢው አየር 1.01 ባር ነው፤ ቱርቦው 0.9 ሲጨምርበት 1.91 ይሆናል። ጨነቅ ላይ የአካባቢው አየር 0.65 ባር ገደማ ነው፤ 0.9 ሲጨመር 1.55 ይሆናል። 1.55ን ለ1.91 ስናካፍል 81 በመቶ እናገኛለን። ማለትም ባለ ቱርቦው 19 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ግን 30 በመቶ። አዳዲሶቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ቱርቦዎች ከፍታውን አይተው ራሳቸውን ስለሚያፈጥኑ ከዚህም የተሻለ ይቋቋማሉ።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ።

ላንድ ክሩዘር፦ 130 × 0.70 = 91 የፈረስ ጉልበት።
ላንድ ሮቨር፦ 111 × 0.81 = 90 የፈረስ ጉልበት።

አያችሁ? በወረቀት በ19 የፈረስ ጉልበት የተለያዩት ሁለቱ ተፎካካሪዎች ጨነቅ ላይ ትከሻ ለትከሻ ናቸው! ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ የሞተሩ ዕድሜ፣ የፖምፓው አሞላልና የዕለቱ ሙቀት ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ ባሕር ወለል ላይ በተለካ ቁጥር ተመርተን የሰሜን ተራራ መኪና አንገዛም።

ጉልበቱ የሚመጣው መቼ ነው?

«እኩል ከሆኑማ ርካሹን እንግዛ» ልትሉ ትችላላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ። እስካሁን ያወራነው ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር ስለሚሰጠው ከፍተኛ ጉልበት ነው። የጨነቅ መንገድ ግን ጠመዝማዛ ጠጠር ነው። ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ድንጋይ ያልፋል፣ ከዚያ ከዝቅተኛ ዙር ተነስቶ እንደገና ይወጣል።

ቱርቦ የሚዞረው በጭስ ነው ብለናል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚወጣው ጭስ ትንሽ ስለሆነ ቱርቦው ገና አልነቃም። በዚያች ቅጽበት ባለ ቱርቦው መኪና ያለው የራሱ ሳንባ ብቻ ነው። እስቲ እናስላው፦ 2.5 ሊትር በ0.70 ሲባዛ 1.75 ሊትር ይሆናል። ማለትም ላንድ ሮቨሩ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ እንደ ትንሽ አውቶሞቢል ሞተር ነው የሚተነፍሰው። ላንድ ክሩዘሩ ግን 4.2 በ0.70 ሲባዛ 2.9 ሊትር ይቀረዋል። ከታች ሲነሳ አይለምንም።

ጥሩ ሹፌር ይህን በማርሽ ያስተካክለዋል። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ዙሩን እንዳይጥል ያደርጋል። ሁለቱም መኪኖች ለከባድ ዳገት የሚሆን ተጨማሪ የዝቅተኛ ማርሽ ምርጫ ስላላቸው ችግሩ ይቃለላል። ነገር ግን ፍሪሲዮን እያስጨነቀ የሚነዳ ሰው እጅ ላይ ልዩነቱ በወራት ውስጥ የጋራዥ ወጪ ሆኖ ይመጣል።

ላንድ ሮቨሩም የራሱ ብልጫ አለው። ዲፌንደር ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው። ላንድ ክሩዘሩ ላይ ግን ሹፌሩ ራሱ ማስገባት አለበት። ክረምት ላይ ጭቃ በሆነ መንገድ ይህ ጥቅም አለው። ከኋላም ላንድ ሮቨሩ የተቀመጠው ሞላ ላይ ስለሆነ ለተሳፋሪ ይለሰልሳል፤ ላንድ ክሩዘሩ የኋላው ባሌስትራ ነው፣ ጭነት ይችላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ያንገጫግጫል። ናፍጣ በመቆጠብም ትንሹና ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጨው የላንድ ሮቨር ሞተር ይሻላል።

የወጣ ሁሉ ይወርዳል

ስለ መኪና ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ መውጣት ነው። አደጋው ግን ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ነው። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 24.5 ሚሊዮን ጁል ኃይል የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ይህ ከ70 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ያን ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ ፍሬኖች ላይ እያከማቸ ነው። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እግር ስር ይሰምጣል። መድኃኒቱ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ እያደረጉ መውረድ ነው። እዚህ ላይም ትልቁ 4.2 ሊትር ሞተር ይዞ በማስቀረት ይረዳል።

ሌላው የማይታሰበው ራዲያተር ነው። «ብርድ አገር ሞተር አይሞቅም» ሲባል እንሰማለን። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እውነት ነው። ግን ስስ ስለሆነ ከራዲያተሩ ላይ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፤ መኪናው ደግሞ ዳገት ላይ ቀስ እያለ ብዙ ሙቀት ያመርታል። በዚያ ላይ ጨነቅ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ካምፕ ላይ ሽምብራ አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ጫናውን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለዚህ ያረጀ ክዳን ቆላ ላይ ሳይታወቅ ይከርምና ቧሂት ላይ ያጋልጣችኋል።

ኤሌክትሪኩስ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ተገልጿል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ማንሳት ግድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጨነቅም ሁመራም ለእሱ አንድ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል የተራራ ውድድር አለ። መነሻው 2,862 ሜትር ላይ ነው፤ ከደባርቅ ከተማ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። መድረሻው 4,302 ሜትር ነው፤ ይህም የቧሂት መንገድ አካባቢ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ዳገት በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጥቶ የሁሉንም ዓይነት መኪና ክብረ ወሰን ሰበረ። ከ8 ደቂቃ በታች የወጣ የመጀመሪያው ነው። ሲወርድም የኤሌክትሪክ መኪና የቅድሙን ሙቀት ሁሉ ፍሬን ላይ አያባክንም። ከእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ከሚገኘው 6.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ውስጥ ጥሩ ድርሻውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ታዲያ ለምን እሱን አንገዛም? ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ለድንጋያማ መንገድ ሆዳቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ካምፑ ላይ ቻርጅ ካልተደረገ ደግሞ ደርሶ መልሱ በአንድ ሙሌት መብቃት አለበት። ለዛሬዎቹ ሦስት ገዢዎች ገና ነው። ለእናንተ ትውልድ ግን ይህ የተራራ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ማሳያ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሊብሬው ከመዛወሩ በፊት እነዚህን እዩ።

1. መኪናውን የምትሞክሩት ሥራው ባለበት ከፍታ ይሁን። ጎንደር አስፋልት ላይ የተሞከረ መኪና ስለ ጨነቅ አይናገርም። ሰው ጭናችሁ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ውጡ።
2. ጭሱን ተመልከቱ። ከባድ ጥቁር ጭስ የአየር ማነስ ወይም የፖምፓ ችግር ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ባለ ቱርቦው ላይ ቱርቦው ራሱ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።
3. ሁለቱም ሞተሮች በቺንጊያ ነው ጊዜያቸውን የሚጠብቁት። «ቺንጊያው መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ላንድ ክሩዘሩ ላይ የተለመደው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተር ሄደ ማለት ነው።
4. ከስር ግቡና ሻንሲውን እዩ። የላንድ ሮቨር ውጫዊ አካል አብዛኛው አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። በላዩ ማማር አትታለሉ።
5. ላንድ ክሩዘሩ ላይ በኋላ የተገጠመ ቱርቦ ካለ ተጠንቀቁ። ዋን ኤች ዜድ ለቱርቦ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ጫናውና ናፍጣው በልክ ካልተያዘ ፒስተኑ በሙቀት ይጎዳል።

ታዲያ የቱ ይገዛ?

እንደ መሐንዲስ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለደባርቅና ጨነቅ መንገድ፣ ለተጫነ መኪናና ለተለያየ ሹፌር ላንድ ክሩዘሩን እመርጣለሁ። ምክንያቴ 130 ከ111 ስለሚበልጥ አይደለም፤ ያ ብልጫ ገና ጨነቅ ሳይደርስ አልቋል። የምመርጠው ከዝቅተኛ ዙር ስለሚነሳ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ስለሚይዝ፣ ውስጡም ሊበላሽ የሚችል ቱርቦ ስለሌለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቶዮታ ስለበዛ መለዋወጫና የሚያውቀው ጋራዥም በቀላሉ ይገኛል። ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚቆጠረው ይሄ ነው።

ነገር ግን በጥንቃቄ የተያዘ ላንድ ሮቨር በጥሩ ዋጋ ከተገኘ፣ ሹፌሩም አንድ ከሆነና ማርሹን የሚያውቅ ከሆነ፣ ጨነቅ ላይ ከላንድ ክሩዘሩ ወደኋላ አይቀርም። ሒሳቡ ይህን ይመሰክርለታል። ጊዜውም ወደ ቱርቦ እያደላ ነው፤ ቶዮታ ራሱ ለላንድ ክሩዘር 70 ባለ 204 የፈረስ ጉልበት 2.8 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር አቅርቧል። ያው ቀመር እሱም ላይ ይሠራል።

በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኞቻችሁ «የማን መኪና ይበልጣል?» ብለው ሲከራከሩ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ስንት ሜትር ላይ?»